ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ያለው የሺያትሱ ክፍል

ፒያሳ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ ሰፊ ነኝ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሕመሙንም ያውቀዋል፤ አንገት ይደርቃል፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ይሰበሰባል፣ መርገጫውን የሚመታው እግር እስከ ዳሌ ይቀስፋል። የጥር ሠርግ ሲደራረብ ደግሞ ሌሊትም አያስተኛም። ማሳጅ ሲባል የምንሸማቀቅ ሴቶች ብዙ ስለሆንን፣ ሺያትሱ በሚባለው፣ በጣትና በመዳፍ በመጫን በሚሠራው የጃፓን ማሳጅ ያገኘሁትን ለሌሎችም ልናገር ብዬ ነው የምጽፈው።

ቦታው ከብሔራዊ ቲያትር ወደ ለገሃር ሲወርዱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል። ባለሙያዋም አንዲት ወጣት ናት። አልጋ የለም፤ ወለሉ ላይ ጠንከር ያለ የጥጥ ፍራሽ ተነጥፏል። ቅባት የለም። ልብስም አይወለቅም፤ በሰፊ ሱሪና በቲሸርት ነው የሚተኛው። ለእኔ ከሁሉ በላይ ልቤን ያሳረፈው ይሄ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ግን አልነካችኝም። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ስኳርና ደም ግፊት ይኖርብኝ እንደሆነ፣ የምወስደው መድኃኒት ካለ ጠየቀችኝ። የቀኝ እጄ ጣቶች አልፎ አልፎ እንደሚደነዝዙ ስነግራት፣ «እናቴ፣ ይሄንንማ መጀመሪያ ሐኪም ይየው» ብላ ሳታስከፍል መለሰችኝ። ሐኪሙ አይቶ የሚያሰጋ ነገር የለም ካለኝ በኋላ ነው ተመልሼ የሄድኩት። ገንዘብ የሚያስገባላትን ሰው በር ላይ የምትመልስ ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአከርካሪ ግራና ቀኝ ትጀምርና በአውራ ጣቷና በመዳፏ ቀስ እያለች ትጫናለች። አታሽም፣ አትቆነጥጥም። ጉልበቷን ሳይሆን የሰውነቷን ክብደት ነው የምታሳርፈው። ጥቂት ሰከንድ ትቆያለች፣ ታነሳለች፣ ወደሚቀጥለው ቦታ ትሻገራለች። የሰፋ ሰው ይገባዋል፤ ስፌት ሲተኮስ ብረቱ አይጎተትም፣ እየተነሳ ይቀመጣል፣ ጨርቁም ሳይወጠር ይተኛል። የእሷም እጅ እንደዚያ ነው። ከጀርባ ወደ ዳሌ፣ ከዚያ እግር እስከ ውስጥ እግር፣ ክንድ፣ አንገት፣ መጨረሻ ላይ ራስና ሆድ። ሆድ ላይ ስትደርስ ደንግጬ ነበር፤ ግን መዳፏን ዝም ብላ አሳርፋ ከትንፋሼ ጋር ነው የምትወርደው። ሳላውቀው ስንት ጊዜ ትንፋሼን ይዤ እንደምውል ያየሁት እዚያ ነው።

ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ (ስሙን አልጠራም) በቅባት እየፈተጉ ትከሻዬን አበልዘው ልከውኛል። ካላመመ አይፈውስም የሚባለውን ነገር እኔም አምን ነበር። አሁን አላምንም። የተቆጣ ጡንቻ በኃይል ሲነኩት ይብስ ይቋጠራል፤ ሲታገሡት ነው የሚለቀው። ወጌሻ ለወለቀና ለተሰበረ የራሱ ሙያ አለው፣ አከብረዋለሁ፤ ይሄ ግን ሌላ ነው።

ስለ አመጣጡም ጠይቄያታለሁ። በጃፓን አንማ የሚባል ጥንታዊ እሽታ አለ፤ ለብዙ ዘመን ዓይነ ስውራን የሚተዳደሩበት ሙያ ነበር። ሺያትሱ ከእሱ የተወለደ ነው። ካስፋፉት ሰዎች ዋናው ቶኩጂሮ ናሚኮሺ፣ በልጅነቱ የእናቱን የመገጣጠሚያ ሕመም በጣቶቹ እየተጫነ ሲያስታግስ እንደጀመረው ይነገራል፤ በ1940 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቶኪዮ ላይ ትምህርት ቤት ከፍቷል። ኪ የሚሉት ኃይል በሰውነት መስመሮች ውስጥ ይዘዋወራል የሚሉም አሉ፤ የናሚኮሺ መንገድ ግን ይበልጥ ጡንቻና ነርቭ ላይ ያተኩራል፣ እሷም የምትሠራው በዚያ ነው። በጃፓን ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ ሦስት ዓመት መማርና የመንግሥት ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። «የእኔ ሥልጠና ያን ያህል አይደለም» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። ምስክር ወረቀቷን ግድግዳው ላይ ሰቅላለች፤ አንብቡት።

ውጤቱን ሳላጋንን ልናገር። በማግስቱ ሰውነቴ ዝሎ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን አንገቴ ወደ ግራ ያለ ሕመም ዞረ፣ እንቅልፌም ተመለሰ። ሥራ ሲበዛ ሕመሙ ይመለሳል፤ ወንበሬን ከፍ አድርጌ በየመሐሉ መነሳት ካልጀመርኩ የሷ እጅ ብቻውን እንደማይበቃ እሷም ነግራኛለች።

ቅር ያለኝ ነገር አለ። ሊፍቱ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሦስት ፎቅ ወጥቶ ሊታከም መምጣቱ ያሳዝናል። መስኮቱ በመንገዱ በኩል ስለሆነ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ይብሳል፣ ስለዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያለውን ተራ ያዙ። ወለል ላይ ተኝቶ መነሳት ለሚከብዳቸው አዛውንቶች በወንበር ላይ ተቀምጠው ትሠራላቸዋለች፤ አስቀድሞ መንገር ነው።

አንድ ሰዓት 1,800 ብር ነው፤ በቴሌብር መክፈል ይቻላል። ለእኔ ቢጤ ውድ ነው፣ ግን የቸኮለ እጅ አላየሁባትም፤ ሰዓቷንም አትሰርቅም። ሆዳችሁን ሞልታችሁ አትሂዱ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ትኩሳት ያለበት፣ በቅርቡ አጥንቱ የተሰበረ ወይም እግሩ ላይ የደም መርጋት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይሂድ። ቀጠሮ በስልክ ነው፤ እሑድ ዝግ ናት።