ትንሽ የግል ትምህርት ቤት፦ ክፍያው ያዋጣል?

በእንግሊዝ የገበያ ከተሞች ያሉት ትንንሽ የግል መሰናዶ ትምህርት ቤቶች ልጅን ከ3 ወይም ከ4 ዓመቱ ተቀብለው እስከ 11 ወይም 13 ያስተምራሉ። እዚህ የምንመዝነው አዳሪ የሌላቸውን ነው።

ትልቁ ብልጫቸው የክፍሉ ማነስ ነው። አሥራ ምናምን ልጅ ባለበት ክፍል ማካፈል ያልገባው ልጅ ኋላ ተደብቆ አይከርምም፤ መምህሯ ደብተሩን አይታ ስሌቱ የቱ መስመር ላይ እንደተበላሸ እዚያው ታሳየዋለች። ለዚህ ብቻ መክፈል ያስኬዳል።

ማነሱ ግን ጣጣም አለው። ሁለት የዕድሜ እርከን አንድ ክፍል ሊገባ ይችላል፣ ለእግር ኳስ ቡድን ልጅ ይጎድላል፣ ጥቂት ቤተሰብ ሲለቅ በጀቱ ይናጋል። ስለዚህ የግቢውን ማማር ተዉትና ያለፉትን ሦስት ዓመታት የተማሪ ቁጥር ጠይቁ።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ክፍያው ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ የተነገራችሁ ዋጋ ይህን ይጨምር እንደሆነ አረጋግጡ። ምሳ፣ ከትምህርት በኋላ ማቆያና የፒያኖ ትምህርት ለየብቻ ሊታሰቡ ይችላሉ። የደንብ ልብሱም ቀላል ወጪ አይደለም፤ ያገለገለ የሚሸጥበት ካለ መጀመሪያ እዚያ እዩ።

ውሉ ላይ ብዙ ወላጅ የሚጠለፈው በማስጠንቀቂያው አንቀጽ ነው። ልጅ ለማስወጣት የአንድ ሙሉ ተርም (የትምህርት ዓመቱ አንድ ሦስተኛ) የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተለመደ ነው፤ በቃል መናገር አይበቃም፣ ካረፈደም የተርሙ ክፍያ ይጠየቃል።

ከመፈረማችሁ በፊት የኢንስፔክሽን (የትምህርት ቤት ቁጥጥር) ሪፖርቱን ከኢንተርኔት አውርዱ፤ ተመራቂዎቹ የት እንደገቡም በዝርዝር አስቆጥሩ።