ደሴ ላለችው የኤ.አር.ቲ (የኤች አይ ቪ መድኃኒት) ክፍል ሲስተር ምስጋና፣ ለሚመለከታችሁም ጥቆማ

አጎቴ «ጻፊው፣ ስሜን ብቻ ተይው» ስላለኝ ነው የምጽፈው። ሲስተርም ስሟ እንዲወጣ አትፈልግም። «ሥራዬን ነው የሠራሁት» ነው መልሷ።

አጎቴ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነው። ኤች አይ ቪ በደሙ እንዳለ ካወቀ ቆይቷል። መድኃኒቱን ሲወስድ ደህና ሆነ፤ ደህና ሲሆን ደግሞ «ድኛለሁ» ብሎ አቆመው። ከዚያ ሰውየው ቀስ በቀስ ተቀየረ። ለክቶ ሳይጨርስ ልኬቱን ይረሳል። እጁ ዘገየ፣ እግሩ ከበደ። ያ ጨዋታ አዋቂ ቡና ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንዱ «ጠበል ውሰዱት»፣ ሌላው «ዱዓ ይደረግለት» አለ። ወሎ አይደል፣ ሁለቱም ተደረገ። አንድ የግል ክሊኒክ (ስሙ ይቅር) ደግሞ ጭንቀት ነው ብሎ ቫይታሚን ሰጥቶ ሸኘን።

በመጨረሻ ሲስተር ጋ ወሰድነው። በሩን ዘጋችና «አብሽሩ ጋሼ፣ ማንም አይሰማንም» አለችው። ከዚያ አራት ቃላት ነገረችው፦ ውሻ፣ ባርኔጣ፣ ባቄላ፣ ቀይ። በግራ እጁ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ሰፋ አድርጎ ቶሎ ቶሎ እንዲያገናኝ ጠየቀችው። ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ቡጢ፣ መዳፍ፣ የእጅ ጠርዝ፣ በቅደም ተከተል። ቡጢውን ያሳርፍና ቀጣዩ ይጠፋዋል። ቃላቱን መልሳ ስትጠይቀው ባርኔጣ አልመጣለትም። «የሚለበስ ነገር ነው» ብላ ብትረዳውም አልመጣም። ዕድሜ ልኩን ልብስ የሰፋ ሰው ነው እንግዲህ።

ይህ ቃላትን የማስታወስና የእጅ ፍጥነት መለኪያ ከ12 ነው የሚታረመው። 10 ወይም ከዚያ በታች ካመጣ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል እንጂ በሽታውን በራሱ አይወስንም። እሷም ያንን አልዘለለችም። ቶክሶፕላዝማና ክሪፕቶኮከስ የሚባሉት የአንጎል ኢንፌክሽኖች እንዲጣሩ ሆስፒታል ላከችን። ከጀርባ ፈሳሽ መወሰዱን ፈርተን ስናንገራግር ቁጭ ብላ አስረዳችን። ክሪፕቶኮከስ አንጎል ውስጥ እያለ የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ቸኩሎ መጀመር ራሱ አንጎሉን ይብስ ሊያስቆጣው ይችላል አለች። ደግነቱ ሁለቱም የሉበትም።

ከሁሉም ያደነቅኩት ግን ኤች አይ ቪ አንጎልን እንዴት እንደሚጎዳ ያስረዳችበትን መንገድ ነው። ቫይረሱ ሰው በተያዘ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ተደብቆ አንጎል ይገባል። የነርቭ ሴሎችን ራሳቸውን አይደለም የሚይዘው። በዋናነት የሚይዘው ማይክሮግሊያና ማክሮፋጅ የሚባሉትን የአንጎል ጠባቂዎች ነው። ጠባቂዎቹ ሲቆጡ ሳይቶካይን የሚባሉ ኬሚካሎች ያመነጫሉ፤ እነዚህም ከቫይረሱ ፕሮቲኖች ጋር ሆነው ነርቮቹን ይጎዳሉ። ጅቡ ካለፈም በኋላ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚጮህ ውሻ አስቡት፤ ሰፈሩን እንቅልፍ የሚነሳው ውሻው ነው። መድኃኒታቸውን በአግባቡ እየወሰዱም ቀለል ያለ የመርሳትና የመዘግየት ችግር የማይለቃቸው ሰዎች ያሉት አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ከባዱ ዓይነት ግን ጥምር መድኃኒቱ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተስፋፋ ወዲህ በጣም ቀንሷል። ቁጣውን ብቻ ለይቶ እንደሚያበርድ የተረጋገጠ መድኃኒት እስካሁን የለም። ዋናው ነገር ቫይረሱን አፍኖ መያዝ ነው።

አጎቴ መድኃኒቱን እንደገና ጀመረ። ሲስተር በየቀጠሮው ያንኑ የጣት ጨዋታ ታሠራዋለች፤ ሲሻሻል እሱም ይፎክራል። ሁሉም አልተመለሰለትም፣ ልኬቱን ዛሬም ደብተር ላይ ይጽፋል። ግን ሱሪ ይሰፋል፣ ቡና ላይም ነገር መጎንጎን ጀምሯል።

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ ያላችሁ፣ ቫይረሱ በደሙ ያለ ዘመድ ካላችሁና እንዲህ መዘግየት ካያችሁበት «እርጅና ነው» ብላችሁ አትተዉት። የሲስተርን ጤና ጣቢያ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ከነዕቃው ያዙ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው። ጠዋት ወረፋ አለ። እሷ ግን ሰው አታጣድፍም።