ቀለም ለተቀባ ጸጉር፦ ፒያስትራ ወይስ ቢጎዲን?

ቀለም ከተቀባሽ በኋላ ጥያቄው አይቀርም፤ በፒያስትራ (በጋለ የጸጉር መተኮሻ) ልተኮሰው ወይስ በቢጎዲን (በጸጉር መጠቅለያ) ተጠቅልዬ ካስክ (ጭንቅላት ላይ የሚደፋ ማድረቂያ) ልግባ?

ጊዜ፦ ፒያስትራ ቶሎ ያልቃል። ቢጎዲን እስኪደርቅ ያስቀምጥሻል።

ወጪ፦ ፒያስትራ አንዴ ከተገዛ ቤት ይሠራል። ቢጎዲን እጅሽ ካልለመደው ጸጉር ቤት ያስኬዳል።

ጉዳት፦ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ቀለም፣ በተለይ ብሊች (የጸጉርን ቀለም የሚያነጣው)፣ የጸጉርን የላይኛውን ሽፋን ያሳሳዋል። ብዙ ፒያስትራዎች እስከ 230 ዲግሪ ይግላሉ፤ ላንቺ ጸጉር ከ180 ባያልፍ ይሻላል። እርጥብ ጸጉር ላይማ በፍጹም! ውስጡ ያለው ውሃ ይፈላና ጸጉሩን ይሰብረዋል። ሲተኮስ “ጭስስ” ካለ ወዲያው አቁሚ፣ አልደረቀም ማለት ነው። የካስክ ሙቀት ከዚህ በጣም ያንሳል።

መልቀቅ፦ ቢጎዲን የሚጠቀለለው በእርጥቡ ነው፤ በየጊዜው ከታጠብሽ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። ቀይ ደግሞ ቀድሞ ይለቃል። ስለዚህ ቢጎዲንን በጭፍን አልመክርም።

ብሊች የነካው ወይም ጫፉ የሚሰባበር ጸጉር ካለሽ፣ ቢጎዲን። ጸጉርሽ ጠንካራ ከሆነና እጥበት የማታበዢ ከሆነ፣ ፒያስትራ፤ የሙቀት መከላከያ ተቀቢና በአንድ ቦታ ላይ አንዴ ብቻ አሳልፊው።