የ5.2 ነፃ ሕግ ድግምት ማክሸፊያዎች፦ ከሦስቱ ስሎት የሚገባው የቱ ነው?

የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (በዳይስና በትረካ የሚጫወቱት የምናብ ጀብዱ ጨዋታ) ነፃ የሕግ ሰነድ፣ ኤስአርዲ 5.2፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ወጥቷል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ለሚጫወት ቡድን መጽሐፉን ከውጭ ማስመጣት የግድ አይደለም፤ የሚፈለጉትን ገጾች ኮፒ ቤት ማሳተም ይበቃል። እዚህ የምናየው ጠረጴዛ ላይ ጭቅጭቅ የሚያስነሱትን ሦስቱን ማክሸፊያዎች ብቻ ነው፦ ካውንተርስፔል፣ ዲስፔል ማጂክና አንቲማጂክ ፊልድ። ስሎት የምንለው ደጋሚው ድግምት ሲጥል የሚያወጣውን፣ ቁጥሩ የተወሰነ አቅም ነው።

ከሁሉም በላይ የተለወጠው፣ ሌላው ድግምት እየጣለ ሳለ የሚያከሽፈው ካውንተርስፔል ነው። በ2014ቱ ሕግ ሦስተኛ ደረጃና ከዚያ በታች የሆነ ድግምት ያለ ዳይስ ይከሽፍ ነበር። ከዚያ በላይ ሲሆን አክሻፊው ወርውሮ 10 ሲደመር የድግምቱን ደረጃ ማምጣት ነበረበት። አሁን የሚወረውረው ደጋሚው ነው፤ የኮንስቲቲዩሽን ሴቭ (በሰውነት ጥንካሬ የመቋቋም ውርወራ፣ በባለ 20 ገጽ ዳይስ) ይጥላል። ከወደቀ ድግምቱ ይከሽፋል፣ አክሽኑም (የተራው ድርጊት) ይባክናል፣ ስሎቱ ግን ይተርፍለታል። ተጫዋች ትልቁን ስሎቱን በአንድ ቃል ተነጥቆ ማኩረፉ ቀረ ማለት ነው፤ ጥሩ ለውጥ ነው።

ጉዳቱ ከኃይለኛ ጠላት ጋር ይታያል። ስምንተኛ ሌቭል የደረሰ፣ ኢንተለጀንሱ 18 የሆነ ዊዛርድ (አስማተኛ) ዲሲው፣ ማለትም ሴቭ የሚጥለው ማምጣት ያለበት ቁጥር፣ 15 ነው። በጠላት የሴቭ ዳይስ ላይ የሚደመረው +2 ከሆነ የመውደቅ ዕድሉ 60 በመቶ ነው፤ +10 ከሆነ 20 ብቻ። ሌጀንደሪ ሪዚስታንስ ያለው ጭራቅማ ወድቆም እንዳለፈ ይቆጠርለታል። በትልቅ ስሎት መጣልም አሁን ምንም አይጨምርም። ስለዚህ ለአለቃው አታስቀምጡት፤ አጃቢ ደጋሚዎቹ ላይ ጨርሱት።

ርቀቱ 60 ጫማ ነው፤ አንዱ ካሬ 5 ጫማ ከሆነ በካሬ ደብተር ላይ 12 ካሬ ማለት ነው። ፋየርቦል (የእሳት ኳስ ድግምት) 150 ጫማ ስለሚሄድ 13ኛው ካሬ ላይ የቆመ ጠላት በሰላም ያቃጥላችኋል። ደጋሚውን ማየትም ግድ ነው። ጀብዱውን ጣርማበር ላይ አድርጎ ጉም ያወረደ የጨዋታ መሪ ካውንተርስፔልን ከጨዋታ አወጣው ማለት ነው (ክፋት ነው፣ ግን ሕጋዊ ክፋት ነው)። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መሪው «ፋየርቦል ወረደባችሁ» ብሎ ሲጀምር ነው። «መድገም ጀመረ» ብሎ ቆም ይበል፤ ሪአክሽን (በሌላው ተራ የሚሰጥ ፈጣን ምላሽ፤ ካውንተርስፔል የሚጣለው በእሱ ነው) የሚጠቀም ያኔ ይናገር።

ዲስፔል ማጂክ ግን የወጣበትን ስሎት በደንብ ይክሳል። በአክሽን ይጣላል፣ 120 ጫማ ይደርሳል፣ የሚሠራውም አስቀድሞ በተጣለና ገና በቆየ ድግምት ላይ ነው። እስከ ሦስተኛ ደረጃ ያለውን በቀጥታ ያነሣል። ለስድስተኛ ደረጃ ድግምት 16 ማምጣት ያስፈልጋል፤ ለዚያው ዊዛርድ 45 በመቶ ዕድል ነው። ስድስተኛ ደረጃ ስሎት ያለው ከፍ ያለ ደጋሚ በእሱ ከጣለው ግን ዳይስ አያስፈልገውም። የማይሠራበትን ማወቅ ይጠቅማል፦ ሙታንን የሚያስነሣው አኒሜት ዴድ ወዲያው የሚያበቃ ድግምት ስለሆነ የተነሡት አፅሞች አይወድቁም፤ ዎል ኦፍ ፎርስም (የማይታይ የኃይል ግድግዳ) አይነካም፣ እሱን የሚያፈርሰው ዲስኢንቴግሬት የተባለው ድግምት ነው።

አንቲማጂክ ፊልድ ስምንተኛ ደረጃ ነው፤ በደጋሚው ዙሪያ 10 ጫማ ድረስ አስማትን ያፍናል፣ የራስን ጭምር። ጎራዴ የያዘ ጓደኛ ከሌላችሁ አትንኩት።

ከመጀመራችሁ በፊት የሁሉም ስልክ ላይ ያለው ፋይል 5.1 ይሁን 5.2 አረጋግጡ። 5.1 የድሮውን ካውንተርስፔል ይዟል፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ማን ዳይስ እንደሚወረውር ስትከራከሩ ይመሻል።