ሴሊካ ከደላላ፣ ሴሊካ ከባለቤቱ

ባሕር ዳር ላይ ሁለት ያገለገሉ ቶዮታ ሴሊካዎችን በቅርብ አውቃለሁ። አንዱ የጓደኛዬ ነው፣ ሌላው የእኔ። ይህ ሞዴል መመረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ስለዚህ አዲስ አይገኝም፤ ጥያቄው ከማን ትገዛለህ ነው።

ጓደኛዬ አዲስ አበባ ሄዶ በደላላ ገዛ። ለቸኮለ ሰው ይሄ ይሻላል፣ አልክድም። በአንድ ቀን አምስት መኪና አየ። የገዛት ሴሊካ ቀለሟ እንደ መስታወት ያበራል! ግን ዓባይን ተሻግሮ የደጀንን ዳገት ሲያያዘው የሙቀት መለኪያው ቀይ ነካ። ኮፈኑን ሲከፍት ራዲያተሩ በማጣበቂያ ተለጥፏል። ደላላው ኮሚሽኑን ቆጥሮ ከተቀበለ ወዲህ ስልክ አያነሳም።

እኔ ሁለት ዓመት ጠበቅሁ። ደብረ ማርቆስ ላሉ አንድ ጋሼ በየበዓሉ እደውል ነበር፣ “እሺ፣ ልሽጣት” እስኪሉ ድረስ። ቀለሟ ደብዝዟል፣ የሾፌሩ ወንበር ተቀዷል። ጋሼ ግን ዘይት የቀየሩበትን ቀን ሁሉ በደብተር ጽፈዋል። “ጠዋት ጠዋት ካምቢዮዋ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ታኮርፋለች፤ አታስገድዳት፣ ልጄ” አሉኝ። ይህን የሚነግር ደላላ የት ይገኛል?

ዋጋው ላይ ግን ንቅንቅ አላሉም። ቡናው በረካ እስኪደርስ ለመንኳቸው፤ አንድ ብር አልቀነሱም።