ጎረምሳ ቡችላ፣ ምንጣፍ እና ኢንዛይም ክሊነር፦ ብሩ የቱ ላይ ይዋል

ለቸኮለ ሰው ፍርዱን አስቀድሜ ልናገር። ከሼልተር (ባለቤት የሌላቸው እንስሳት ማቆያ) ያደገ ቡችላ አምጥታችሁ ምንጣፋችሁ ላይ እየሸና ካስቸገራችሁ ኢንዛይም ክሊነር (ሽንቱን ሰባብሮ የሚያጠፋ ማጽጃ) ግዙ፣ በጋሎን ግዙት፣ ከዛ መሀሉ ላይ መክፈያ ያለው የሽቦ ክሬት (ውሻው የሚተኛበት ሳጥን) ግዙ፣ ከዛ ከሱቁ ውጡ። ፓዱ (ወለል ላይ ተነጥፎ የሚሸናበት ጨርቅ መሳይ ነገር)፣ መውጣት ሲፈልግ እንዲደውለው በር ላይ የሚንጠለጠለው ደወል፣ ሳር ላይ ጠብ ሲደረግ ውሻውን "እዚህ ሽና" ይለዋል የተባለው ፈሳሽ፣ ሁሉም እኛ ቤት ቁምሳጥን ውስጥ አለ፣ የሚፈልግ ሰው ካለ መጥቶ ይውሰድ።

ብራንድ አትጠይቁኝ። ኔቸርስ ሚራክል አለ፣ ሮኮ ኤንድ ሮክሲ አለ፣ ትልልቆቹ የእንስሳት ሱቆችም የራሳቸውን ስም ለጥፈው ይሸጣሉ፣ እኔ እዚህ የማወራው ስለ ዓይነቱ ነው። ጠርሙሱ ላይ ኢንዛይም ወይም ባክቴሪያ የሚል መኖሩን ብቻ እዩ፣ "ሽታ ያጠፋል" ብቻ የሚለው ብዙ ጊዜ ሽቶ ነው።

የኛ ቤት ሁኔታ እንዲህ ነው፦ ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቢጫ ቀመስ ምንጣፍ፣ ቢበላሽ የሚቀር ዲፖዚት (የመያዣ ብር) የተከፈለበት። ውሻው ቡቺ ይባላል (ሼልተር ማክስ ብለውት ነበር ግን ባሌ ገና መኪና ውስጥ ሲያስገባው ቡቺ አለው፣ ቀረ)። ስምንት ወር ገደማ ሲሆነው ነው የወሰድነው። ሰው ሁሉ "አደግ ያለ ውሰዱ፣ ይቀላችኋል" ይላል፣ ግማሹ እውነት ነው፣ ፊኛው ከትንሽ ቡችላ የተሻለ ይይዛል፣ የሁለት ወር ቡችላ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ነው የሚወጣው። ግማሹ ግን እውነት አይደለም፣ ምክንያቱም ይሄ ልጅ ስምንት ወር ሙሉ የሆነ ቦታ ሲሸና ኖሯል፣ ልማድ ይዞ ነው የመጣው።

ይሄን ማንም አልነገረንም፣ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ። ሼልተር ውስጥ ወለሉ ብዙ ጊዜ ሲሚንቶ ነው። የሚተኛውም እዛ፣ የሚበላውም እዛ፣ የሚሸናውም እዛ። ውሻ ደግሞ በልጅነቱ እግሩ ስር የለመደውን ነገር ነው ሽንት ቤቴ ብሎ የሚይዘው፣ ሳር ለቡቺ ምንም ማለት አይደለም። አውጥተን ሳር ላይ እናቆመዋለን፣ እግሩን እያነሳ እንደ እሾህ ያየዋል፣ ሽኮኮ ያያል፣ እኛን ያያል፣ ብርድ ላይ ቆመን ቆመን እንመለሳለን፣ ከአሳንሰር ስንወርድ ኮሪደር ላይ ይለቀዋል። መጀመሪያ ውጭ የሸናው የት መሰላችሁ፣ ምድር ቤት ያለው ፓርኪንግ፣ ሲሚንቶ ላይ፣ ዓምዱ ስር። ባሌ ተናደደ እኔ ግን ደስ አለኝ፣ ውጭ ነዋ! ከዛ በኋላ ያደረግነው የሲሚንቶውን መንገድ ይዘን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ሳሩ ጠርዝ መጠጋት ነው። ጠርዙ ላይ አንዴ ከሸና ሽታው እዛ ይቀራል፣ በሚቀጥለው እራሱ ይሄዳል። ያ "እዚህ ሽና" ይላል የተባለው ፈሳሽ በብር የሚሸጥላችሁን ነገር የራሱ ሽንት በነፃ ይሰራዋል ማለት ነው።

ወደ ክሊነሩ ልመለስ። ሽንት ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል፣ ዩሪክ አሲዱ ግን እንደ ደቃቅ ክሪስታል ሆኖ ምንጣፉ ውስጥ ይቀራል፣ በውሃና ሳሙና በቀላሉ አይለቅም። እኛ አይሸተንም፣ የዲሲ ሰመር መጥቶ ወበቁ ሲጀምር ግን እርጥበቱ ይቀሰቅሰውና ቤቱ እንደገና ይሸታል፣ ለውሻው ደግሞ ወበቅም አያስፈልገው፣ ሁሌም "ሽንት ቤት እዚህ ነው" ብሎ እንደተጻፈ ነው የሚያነበው። ኢንዛይሙ ያንን ሰባብሮ ይበላዋል። ግን አጠቃቀሙ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው፣ ትንሽ ትንሽ አድርጎ ረጭቶ ወዲያው ይጠርግና "አይሰራም" ብሎ አንድ ኮከብ ይሰጣል። ሽንቱ ምንጣፉን አልፎ ከስር ያለው ስፖንጅ ውስጥ ገብቷል፣ ክሊነሩም እዛ ድረስ መድረስ አለበት። መጀመሪያ በወፍራም ፎጣ ላዩ ላይ ቆማችሁ አስመጥጡት፣ አትፈትጉት፣ ከዛ ከሸናው ቦታ ሰፋ አድርጋችሁ አፍስሱት፣ መርጨት ሳይሆን ማፍሰስ፣ ለዚህ ነው ጋሎን ያልኩት። ቢያንስ አስር አስራ አምስት ደቂቃ ይቀመጥ፣ ከዛ ትርፉን አስመጥጣችሁ በራሱ ይድረቅ። እስኪደርቅ ሽታው ትንሽ ሊብስ ይችላል፣ አትደንግጡ። መጀመሪያ ግን ከሶፋው ጀርባ ጥግ ላይ ቀለም እንደማይለቅ ሞክሩ።

ከሱ ጋር ርካሽ የዩቪ ባትሪ (ወይን ጠጅ መሳይ ብርሃን የሚሰጥ የእጅ ባትሪ) ግዙ። ማታ መብራት አጥፍታችሁ ስታበሩት የድሮው ሽንት አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ያበራል። እኛ ስናበራ ከኛ በፊት የነበሩት ተከራዮችም ውሻ እንደነበራቸው አወቅን፣ ያም ቡቺ ለምን ያቺን የመስኮት ጥግ እንደመረጣት መለሰልን።

አሁን የበረኪና ጉዳይ። አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር፣ ቤት ውስጥ ውሻ ማየት ለሳቸው ምን ያህል እንደሚከብድ የሀገሬ ሰው ያውቀዋል፣ "ውሻ ግቢ ነው እንጂ ፀሎት የሚደረግበት ቤት ይገባል?" አሉ፣ ከዛ በረኪና ያዙ። ተለምነው ነው የተዉት። በረኪና ሽንት ላይ ሲፈስ ከአሞኒያው ጋር ተገናኝቶ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ ምንጣፉን ያነጣዋል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ኢንዛይሙንም ባክቴሪያውንም ይገድለዋል፣ ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ አታስቡት። አሞኒያ ያለው የመስታወት ማጽጃም እንደዛው፣ ለውሻው ሽንት ሽንት ነው የሚሸተው። እጣን አጭሱ፣ ቡና ቁሉ፣ ለናንተ ጥሩ ነው፣ ለሱ አፍንጫ ምንም አይሸፍንም።

ግን ፍርድ አላዛባም፣ ከገዛነው እቃ ሁሉ የበለጠ የሰራልን አማቴ ናቸው። አይነኩትም፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ሶፋው ላይ ነው፣ ግን ዓይናቸው ከሱ ላይ አይነቀልም። "አንቺ ልጅ፣ ውሻሽ ውሃ ጠጥቷል፣ አውጪው።" "መሬቱን እያሸተተ መዞር ጀምሯል፣ ኧረ አውጪው።" ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ለፀሎት ሲነሱ ይቀሰቅሱኛል። አሰልጣኝ ከፍላችሁ የሚነግራችሁም ይሄንኑ ነው፦ ሲነቃ፣ ሲበላ፣ ሲጠጣ፣ ከጨዋታ በኋላ አውጡት፣ ቤት ውስጥ ከዓይናችሁ አይጥፋ።

ክሬቱ ጥሩ ነው፣ ግን እንደ ክሊነሩ ሙሉ ልብ ሆኜ አልመክረውም። ከ40 እስከ 70 ፓውንድ ለሚሆን ውሻ 36 ኢንቹ ይበቃል፣ ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተዘርግቶ መተኛት እስከቻለ ድረስ ሌላው ትርፍ ቦታ ነው፣ ትርፉ ላይ ይሸናል። ለዛ ነው መክፈያው። ችግሩ የሼልተር ውሻ አንዳንዱ በተዘጋ ቦታ ውስጥ መሽናት ተገድዶ ለምዶታል፣ ለትንሽ ቡችላ የሚሰራው "የሚተኛበትን አያቆሽሽም" የሚለው ነገር ለሱ ላይሰራ ይችላል። ቡቺ መጀመሪያ ሰሞን ክሬቱ ውስጥ ያነጠፍንለት ልብስ ላይ ይሸና ነበር፣ ልብሱን አውጥተን የክሬቱ ባዶ ፕላስቲክ ላይ ስናስተኛው ተወ። ደግሞ ክሬት የስራ ሰዓት መጠበቂያ አይደለም፣ ሁለት ሺፍት እየሰራችሁ ቀኑን ሙሉ ዘግታችሁ ከሄዳችሁ ግፍ ነው። ባሌ ኡበር ስለሚነዳ ቀን ላይ ብቅ ይላል፣ እንደዛ የሌለው ሰው ጎረቤት ያስቸግር።

ፓዱን ብዙም ሳንቆይ ጠልተነዋል። ለስላሳ፣ አራት ማዕዘን፣ ወለል ላይ የተነጠፈ፣ እና ውሻው ምን ተማረ? ለስላሳ አራት ማዕዘን ነገር ላይ መሽናት። የመታጠቢያ ቤቱ ምንጣፍ አለቀለት። ላረጀ ወይ ለታመመ ውሻ ይሆናል፣ ለጎረምሳ አይሆንም። ደወሉን ደግሞ ቡቺ ቶሎ ገባው፣ ሽኮኮ ባየ ቁጥር ይደውላል።

ትሪት (ለውሻ ሽልማት የሚሰጥ ቁራሽ ምግብ) ላይ ብዙ ብር አታውጡ፣ ጨው የሌለው የተቀቀለ ዶሮ በላስቲክ አድርጋችሁ ኮት ኪስ ውስጥ። እንደሸና እዛው ውጭ፣ ወዲያው ስጡት፣ ቤት ገብታችሁ ከሰጣችሁት ቤት በመግባቱ የተሸለመ ነው የሚመስለው። የወጥ ስጋ ግን በፍጹም፣ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ የኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት የለም።

አንድ ነገር ክሊነርም ክሬትም የማይፈታው አለ። የባሌ ወንድም ድምፁ ወፍራም ነው፣ ገብቶ "ቡቺዬ!" ብሎ ጎንበስ ሲልበት ቡቺ ጆሮውን ጥሎ እዛው ጠብ ያደርጋል። ይሄ ፍርሀት እንጂ ያልተማረ ሆኖ አይደለም፣ መቆጣት ያብሰዋል፣ እንግዳው ዓይኑን ሳያየው በጎን ቁጭ ቢል ይሻላል። በጣም ቶሎ ቶሎ የሚሸና ከሆነ ወይ ደም ካያችሁ ደግሞ ሱቅ ሳይሆን ሐኪም ጋ፣ የሽንት ምርመራ ይደረግለት፣ ኢንፌክሽን ያለበትን ውሻ ማሰልጠን አይቻልም።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሻ የያዛችሁ፣ ወለላችሁ ሴራሚክ ከሆነ ኑሮ ይቀላል፣ የሚያስቸግረው በሴራሚኮቹ መሀል ያለው ስንጥቅ ነው፣ እዛ ላይ ትንሽ ኢንዛይም ይበቃል። ሰው ከዚህ ሲመጣ ማስላክ ትችላላችሁ፣ ግን ጋሎኑን ሳይሆን ትንሹን፣ ክዳኑን በፕላስተር አስጠቅልላችሁ በሁለት ፌስታል፣ ከበርበሬ ማሰሮው ርቆ።