ኦይል ካች ካን ለሃይሉክስ፦ የከፈልኩበት አይቆጨኝም

ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሃይሉክስ ለምትነዱ ሁሉ ኦይል ካች ካን የተባለውን የዘይት ማጥመጃ ጣሳ አጥብቄ እመክራለሁ። በፒስተኖቹ ጎን ሾልኮ የሚወርደው ጋዝ የዘይት ብናኝ ይዞ በቱቦ ወደ ተርቦው (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) ይመለሳል፤ ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ሲደርስ ከኢጂአሩ (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው) ጥላሸት ጋር ተደባልቆ ወፍራም ጥቁር ዝቃጭ ይሆንና አየር ማስገቢያውን ያጠባል። ካች ካኑ በዚያ ቱቦ መሀል ገብቶ ዘይቱን ያስቀራል።

የእኔው ውስጡ የሽቦ ወንፊት አለው። ባዶ ጣሳ የሚሸጡም ስላሉ ክዳኑን ሳትከፍቱ እንዳትገዙ፤ በባዶው ጋዙ እንደገባ ይወጣል። መካኒኬ ኮፈኑ ስር ከባትሪው አጠገብ አሰረልኝ፣ ሥራው ንጹሕ ነው። ቱቦው ዘይት የሚችል ጎማ ይሁን። ተጣጥፎ ከታፈነ ሞተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ዘይት በሲሎቹ (በማሸጊያ ጎማዎቹ) ያፈሳል፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

በደብረ ብርሃንና በጣርማበር ብርድ ስመላለስ ጣሳው ከታች ሲከፈት የወጣው ማኪያቶ ይመስላል። እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ከዘይቱ ጋር ስለተቀላቀለ ነው፣ አትደንግጡ። ቆላ ስወርድ ጥቁር ዘይት ብቻ ነው የማገኘው። በብርድ ወቅት ቶሎ ቶሎ አፍስሱት፣ የወጣውንም ወደ ሞተር አትመልሱ። ቀድሞ የተጋገረውን ግን አያጸዳም፤ ማኒፎልዱን አስጠርጋችሁ ብትገጥሙት ይሻላል።